በአመድ ያሸሁት ቴስታታ

ይህ ነገር ከደረሰብኝ ሁለት ክረምት አለፈ። ለማንም አውርቼው ስለማላውቅ ይሆናል፣ ከልቤ አልወጣ ብሎኛል።

አባቴ ሲሞት ባሕር ዳር አቅራቢያ ባለችው መንደራችን፣ ሰባታሚት ላይ አንድ የናፍጣ ወፍጮ ትቶልን ነበር። ወንድሜ ለብሔራዊ ውትድርና ሲሄድ እኔና ወፍጮው ብቻ ቀረን። የተማርሁት እስከ ስድስተኛ ክፍል ነው። ሰው ፊት መናገር አልችልም። እህል ሊያስፈጩ የሚመጡ ሴቶች «የዚችን ልጅ ምላስ ወፍጮው ፈጨው እንዴ?» እያሉ ይስቁብኝ ነበር።

አንድ ቀን ሞተሩ ፈልቶ ቆመ። መካኒኩ አለሙ ፈታትቶ አየውና የሞተሩ ክዳን፣ እነሱ ቴስታታ የሚሉት፣ በሙቀት መጣመሙን ነገረኝ። ክዳኑ የሚያርፍበት ዋናው የሞተሩ አካል፣ ብሎኩም፣ ፊቱ ተበልቷል። ሁለቱን በጋሪ ጭነን ባሕር ዳር፣ ሐይቁ አጠገብ ወዳለ ወርክሾፕ ወሰድናቸው። ጋሽ ኪዳኔ የሚባሉ ሽማግሌ የብረቶቹን ፊት በማሽን ልገው ሊያስተካክሉ ተቀበሉን።

በሳምንቱ ብቻዬን ሄጄ ተረከብሁ። የሁለቱም ብረቶች ፊት እንደ መስታወት ሆኗል። ጋሽ ኪዳኔ ግን በላዩ ወፍራም ዘይት ቀቡበት። ለምን እንደሆነ መጠየቅ አፈርሁ።

መንገዱ አቧራ ነበር። ቤት ስደርስ ዘይቱ አቧራውን ጠጥቶ ጭቃ መስሏል። አለሙ በማግስቱ ሊገጥም ይመጣል። የቆሸሸ ዕቃ ማቅረብ ነውር መሰለኝ። እናቴ በሕይወት ሳለች ድስት ማሸት እንዳስተማረችኝ፣ በአመድና በአሸዋ ቴስታታውን እስኪያብረቀርቅ ፈተግሁት። ብሎኩን ደክሞኝ ተውሁት።

አለሙ መጥቶ ጣቱን ሲያስኬድበት ፊቱ ተለወጠ። «ይሄ ተላገ ይባላል? ድመት የቧጨረችው ነው የሚመስል!» አለ። አፌን ሳልከፍት ቴስታታውን ጋሪ ላይ ጫነው። እኔም ተከተልሁት። መንገዱን ሙሉ ልንገረው እያልሁ ሳልነግረው ደረስን።

«ጋሼ፣ ዓይንዎ ደክሟል! ለወጣቶች ቢለቁላቸው ምን አለ?» ብሎ ገና ከበሩ ጮኸ።

ሠራተኞቹ ሥራቸውን አቁመው ዞሩ። ጋሽ ኪዳኔ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ። ቴስታታውን ወደ ብርሃን አዙረው ብዙ አዩት። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «የማሽኑ ቢላ ተሸርፎ ሳላየው ቀርቼ ይሆናል። ዓይኔም እንግዲህ…» አሉ።

ዝም ብል ማንም አያውቅብኝም። እሳቸው መነጽራቸውን አጣጥፈው ኪሳቸው ከተቱት።

«እኔ ነኝ» አልሁ። የሰማኝ የለም። «እኔ ነኝ፣ ጋሼ። በአመድ አሸሁት።»

ወርክሾፑ በሳቅ ተናጋ። «ምነው፣ ወጥ ልትሠሪበት ነበር?» አለኝ አለሙ።

ጋሽ ኪዳኔ አልሳቁም። በርጩማ ስበው ተቀመጡና በረጅሙ ተነፈሱ።

«ቤት የሚነግርሽ ሰው የለም?» አሉኝ።

«የለም።»

«በይ ነይ፣ እዚህ አጠገቤ ቁሚ።»

ቴስታታውን እንደገና ማሽኑ ላይ አሰሩት። ዘይቱን የሚቀቡት እንዳይዝግ መሆኑን፣ በክዳኑና በብሎኩ መካከል ፀጉር የምታህል ክፍተት ከቀረች ሞተሩ እንደማይሠራ ነገሩኝ። «አሁን ትንሽ ቢላግ ይችላል። ለሦስተኛ ጊዜ ግን የሚላግ ሥጋ የለውም» አሉኝ። እስኪያልቅ ቆሜ አየሁ። ወንድሜ ከሄደ ወዲህ አጠገቡ አቁሞ አንድ ነገር ያስረዳኝ ሰው አልነበረም።

ወፍጮው ዛሬም ይሠራል። ያን ቀን ዝም ብዬ ቢሆን ኖሮ እሳቸው በዓይናቸው ተስፋ ቆርጠው ይቀሩ ነበር። ይህን ሳስብ አሁንም ያስፈራኛል።

ናፍጣ ልገዛ ከተማ በሄድሁ ቁጥር በወርክሾፑ በኩል አልፋለሁ። ገብቼ ደኅንነታቸውን ብጠይቅ ደስ ይለኛል። በሩ ላይ ስደርስ ምን ብዬ እንደምጀምር አስባለሁ። አስቤ ሳልጨርስ ግን አልፌው እገኛለሁ።