ልጄ በሩ ላይ የለጠፈችው መጫወቻ

ባለፈው ማክሰኞ ንጋት ላይ ስነቃ የእማሆይ አልጋ ባዶ ነው። ብርድ ልብሱ ተጣጥፎ ተቀምጧል፣ የሳሎኑ በር ገርበብ ብሏል... ምርኩዛቸውም የለም።

እማሆይ የባለቤቴ እናት ናቸው። ከእብናት አምጥተን ደብረ ታቦር እኛ ጋ ካስቀመጥናቸው ሁለት ዓመት ሊሞላቸው ነው። ሰው አይረሱም፣ ጸሎትም አይረሱም፤ መንገድ ግን እየጠፋባቸው መጥቷል። አንድ ጊዜ ከኪዳን ሲመለሱ ጠፍተው፣ ጎረቤት ነው ከመናኸሪያ ይዟቸው የመጣው። ከዚያ ወዲህ ብቻቸውን እንዳይወጡ ተባባልን። ባለቤቴ ሹፌር ስለሆነ አብዛኛውን ጊዜ ውጭ ነው የሚያድረው፤ ንጋት ላይ ለኪዳን አብሬያቸው የምሄደው እኔ ነኝ። እሳቸው ደግሞ ሰው መቀስቀስ ይከብዳቸዋል። ቀስ ብለው በሩን ከፍተው ውልቅ ነው።

መላ ያመጣችው ልጄ ቤዛ ናት። ዘጠኝ ዓመቷ ነው። እህቴ ከአዲስ አበባ ስትመጣ እየገጣጠሙ የሚሠሩበት የኤሌክትሮኒክስ መጫወቻ አምጥታላት ነበር። ሽቦ አለው፣ አምፖል አለው፣ ጆሮ የሚበሳ ጩኸት የሚጮህ ነገር አለው፤ በትክክል ሲገጠም ደግሞ በእንግሊዝኛ «ጎበዝ!» ይላል። እውነቱን ልናገር... ጠልቼው ነበር። ልጅ ደብተሯን ታንብብ እንጂ ከፕላስቲክና ከሽቦ ጋር ምን ያታግላታል እል ነበር። እህቴንም «ይሄን ከምታመጪ ሹራብ ብታመጪላት ምን ነበረበት?» ብያታለሁ።

አንድ ቅዳሜ ቤዛ ስትገጥም ስትፈታ ውላ በሩ ሲከፈት የሚጮህ ነገር ሠራች። ግማሹን በሩ ላይ፣ ግማሹን መቃኑ ላይ በፕላስተር ለጠፈችው። «እማዬ፣ እማሆይ ሲወጡ ይጠራሻል» አለችኝ።

ሠራም! ንጋት ላይ ሲጮህ ብድግ እላለሁ፣ ነጠላዬን ጣል አድርጌ እማሆይን ይዤ ቤተ ክርስቲያን እሄዳለሁ። እየተነጫነጭኩ ነው ታዲያ። አንድ ቀን እንኳ ልጄን «ጎሽ» አላልኳትም።

ሰኞ ሃያ አንድ ነበር፤ የማርያም ማኅበር የእኔ ተራ። ቤዛ ትምህርት ቤት ናት። መጀመሪያ የመጡት የማኅበራችን ቄስ ናቸው። በሩን ገፋ ሲያደርጉት ያ ነገር እሪ አለ! አባ ደንግጠው ወደ ኋላ አሉና አማተቡ።

«ምንድን ነው ልጄ? ምን ነካሁ?»

«ኧረ ምንም አይደል አባ፣ የልጅ ነገር ነው! ይግቡ፣ ይግቡ» አልኩ። ፊቴ እሳት መስሏል። ገና ስንት ሰው ሊገባ ነው፤ በሩም ለእንግዳ ወለል ብሎ ሊውል ነው። እንዲህ ከምዋረድ ብዬ ሁለቱን ባትሪ አወጣሁና ሽርጤ ኪስ ውስጥ ከተትኳቸው። መጫወቻው እዚያው በሩ ላይ እንደተለጠፈ ነው። ቤዛም ከትምህርት ቤት ስትመጣ ቦታው ላይ ስላየችው ምንም አልጠረጠረችም።

ማታ ሳህኑን አጥቤ ስጨርስ ወገቤ ሊቆረጥ ደርሷል። ሽርጤን ምስማሩ ላይ ሰቅዬ ተኛሁ። ባትሪው ትዝም አላለኝ።

በነጋታው እማሆይ የሉም። ከተማውን ጉም ውጦታል፣ የምሮጥበትን አላውቅም። ቤተ ክርስቲያን ሄድኩ፣ የሉም። መናኸሪያ ወረድኩ፣ የሉም። ያገኘሁትን ሁሉ «ቆብ ያደረጉ እናት አላያችሁም?» እላለሁ። «ምነው እመቤቴ፣ ትናንት ዘክሬሽ...» እያልኩ መንገድ ላይ አለቀስኩ።

ሦስት ሰዓት አካባቢ አንድ የባጃጅ ሹፌር እየጠየቀ ቤታችን ድረስ አመጣቸው። ከከተማው ወጥተው፣ በእብናት መንገድ ዳር ቦይ ውስጥ ወድቀው ነው ያገኛቸው። እጃቸው ተሰብሯል። ሐኪም ቤት ወስደናቸው በጄሶ ታስረው ተመለሱ።

አልጋቸው ላይ ካስተኛኋቸው በኋላ የቀዘቀዘ እግራቸውን እያሸሁ «እማሆይ፣ ምነው ብቻዎን ወጡ?» አልኳቸው።

«በሩን ከፈትሁት... ዝም አለ» አሉኝ። «ትመጣለች ብዬ ቆሜ ጠበቅሁሽ። ስትቀሪ ጊዜ፣ ዛሬስ ሰልችቷት ነው አልሁ።»

ያኔ ነው ባትሪው ትዝ ያለኝ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ሰልችቷት ነው ብለው፣ እኔን ላለማስቸገር ብለው ነው ያን ሁሉ መንገድ ብቻቸውን የሄዱት።

ቤዛ በዚያ ቀን ከትምህርት ቤት ቀርታ ነበር፤ በራፉ ላይ ቆማ ሁሉንም ሰምታለች። ወንበር ላይ ወጥታ መጫወቻዋን ከበሩ ላይ አነሳችው። መሬት ቁጭ ብላ ሽቦውን አንድ በአንድ ትፈታ ጀመር። እንባዋ ፕላስቲኩ ላይ ጠብ ጠብ ይላል።

«እማዬ... አሳስቼ ገጥሜው ነው መሰለኝ። በእኔ ምክንያት ነው የወደቁት።»

የባትሪውን ክዳን ገና አልከፈተችውም። መዋሸት እችል ነበር... የእንግዳ ልጆች ነካክተውት ይሆናል ብላት ማን ያውቅብኛል? አፌ ላይ ደርሶ ነበር። የልጄን ፊት ሳይ ግን አልቻልኩም። ሄጄ ሽርጤን አወረድኩና ባትሪዎቹን አወጣሁ።

«አንቺ አላሳሳትሽም የኔ እናት። እኔ ነኝ ያወጣኋቸው። እንግዳ ፊት አፍሬ ነው» አልኳት።

ትቆጣለች ብዬ ጠበቅኩ። ብትጮህብኝ ይሻለኝ ነበር። እሷ ግን እፎይ ብላ ተነፈሰች።

«እና አልተበላሸም ማለት ነው?»

«አልተበላሸም» አልኳት።

ይቅርታ ልጠይቃት ቃል ስፈልግ፣ ልጄ ባትሪዎቹን ከመዳፌ አንስታ ለነገ ጠዋት መግጠም ጀምራለች።