በሸሚዝ የተጠቀለሉት ካርቡሬተሮች

ሶባ መንገድ ላይ የባለ ሦስት ጎማው ራክሻ ቤንዚን ሲሸተኝ፣ ሪያድ ሰፈር ያለው የሐኪሙ ግቢ ትዝ ይለኛል። መካኒኩ አባቴ የሐኪሙን አሮጌ የእንግሊዝ ስፖርት መኪና ይሠራ ነበር። ሐኪሙ ቤንዚንና አየር የሚቀላቅሉትን ሁለቱን ካርቡሬተሮች በየጊዜው ማስተካከል ሰልችቶት «በአንድ ቀይርልኝ» አለው።

አባቴ ከመፍታቱ በፊት ሞተሩን አስነሳ። የጎማ ቱቦ ጫፍ ጆሮዬ ላይ አድርጎ፣ ሌላውን ጫፍ በየተራ ወደ ሁለቱ አስጠጋ።

«ስሚ ልጄ፣ እኩል ነው የሚተነፍሱት። ከዛሬ ወዲያ አትሰሚውም።»

አዲሱ ተገጥሞ መኪናው ቁልፉ አንዴ ሲዞር ተነሳ። ሐኪሙ «ኸላስ፣ በቃ፣ አሮጌዎቹን ጣላቸው» አለ። አባቴ ግን የሥራ ሸሚዙን አውልቆ ጠቀለላቸው።

«ይናፍቁታል፤ ኢንሻላህ ይመጣል።»

ሐኪሙ አልመጣም፤ አባቴም ካረፈ ቆየ። ካርቡሬተሮቹን አልፎ አልፎ አውጥቼ ዘይት እቀባቸዋለሁ። ሸሚዙን ግን አላጥበውም።