የመለማመጃው ጓጉንቸር

ልጁን ሽቦ ያሉት ስለከሳ አይደለም፤ ዛሬ የሚያየው ሰው ግን ሌላ ምክንያት አይፈልግም። ስሙ የወጣለት በልጅነቱ ነው። አባቱ ቁልፍ ሠሪ ነው። ሽቦ ከትምህርት ቤት መልስ ሱቁ ውስጥ ሲንጎዳጎድ አንድ ያረጀ የነሐስ ጓጉንቸር አገኘና በቀጭን ሽቦ ከፈተው። አባትየው ቆልፎ ሰጠው፤ ደግሞ ከፈተው። ከዚያ ወዲያ ደንበኛ በመጣ ቁጥር “ሽቦ፣ እስቲ አሳያቸው!” ሆነ። ዓይኑን ጨፍኖ ሳይቀር ይከፍተው ነበር። ጎረቤቱም “ይሄ ልጅ ወይ ይከብራል ወይ ወህኒ ይወርዳል” እያለ ይስቅ ነበር። ሁለቱም አልሆነም።

አድጎ ሱቁን ሊረከብ ነው ሲባል መጠጡ መጣ፤ ከመጠጡ ኋላ ክኒኑ፣ ከክኒኑ ኋላ ድምፆቹ። ወይም ድምፆቹ ቀድመው ይሆናል፤ ሐኪሙም እርግጡን አልነገራቸውም። ብቻውን ያወራል። “በቁልፍ ቀዳዳ ያዩኛል” እያለ የቤቱን ቀዳዳ ሁሉ በሳሙና ይደፍናል፤ አባት ጠዋት ጠዋት ሳሙናውን በመርፌ ሲጎለጉል ሱቁ ይረፍድበታል። ሆስፒታል አስገቡት፣ ወጣ፤ ደግሞ አስገቡት፣ ደግሞ ወጣ። መድኃኒቱን ምላሱ ሥር ደብቆ ይተፋዋል። ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ! ወላጆቹም የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ ተያያዙት። እሷ “አንተ ነህ እንደ ዝንጀሮ ሰው ፊት እያስጫወትክ ያበላሸኸው” ትላለች፤ እሱ “አንቺ ነሽ ያሞላቀቅሽው” ይላል። ከዚያ ሁለቱም ያለቅሳሉ፣ እሷ ጓዳ፣ እሱ ሱቅ።

ሽቦ ይጠፋ ይጠፋና እነሱ ሳይኖሩ እጁ ላይ በቀረው የቤቱ ቁልፍ ገብቶ ዕቃ ያወጣል። ሬዲዮው ሄደ። ብርድ ልብሱም ሄደ።

“የሚቀጥለው የስፌት መኪናዬ ነው” አለች እናት። “አንተ ሰውዬ፣ የሰው ቤት እያስጠበቅህ የራስህን ታዘርፋለህ? እሱ የማይከፍተው ጓጉንቸር ግጠምልኝ!”

“እሺ፣ እገጥማለሁ።”

ዋሻት። ሱቁ ውስጥ መዶሻ የማይበግራቸው ጓጉንቸሮች ተደርድረው ሳሉ፣ ከመሳቢያው ሥር ያንን የነሐስ መለማመጃ አወጣ። ዘይት ቀባው፣ ወልውሎ አዲስ አስመሰለው። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም። በልቡ የያዘው ይህን ነበር፦ ጭንቅላቱን በሽታው ወስዶታል፣ ጉበቱን መጠጡ፤ እጁ ካለ ግን ልጄ አለ። ይክፈተው ብቻ፣ ሱቅ ከአጠገቤ አስቀምጠዋለሁ። የስፌት መኪናዋም ትሂድ።

በማግስቱ ጓጉንቸሩን በሩ ላይ ቆልፈው የእናትን እህት ሊጠይቁ ሄዱ። አባት ቀኑን ሙሉ የሚያወሩትን አልሰማም፤ “ምን ሆነሃል?” ሲሉት “ምንም” ይላል። ከሰዓት በኋላ ሲመለሱ ልጃቸው ደጃፉ ላይ ጉልበቱን አቅፎ ተቀምጧል። ጣቶቹ ደምተዋል። ጓጉንቸሩ እንደተቆለፈ ነው፤ ፊቱ እንዳለ ተቧጭሯል፣ ቀዳዳው ውስጥም የተሰበረ ሽቦ ተቀርቅሯል።

“ጎሽ!” አለች እናት ባሏን በሹክሹክታ፤ “አሁን ገና ቁልፍ ሠሪ ሆንክ!” ከዚያ የልጇን ጣቶች ስታይ ሻርፗን ከአንገቷ አውጥታ እያለቀሰች ትጠቀልልለት ጀመር።

አባት ቁልፉን ቢሞክር አልገባም። በሕይወቱ እንደዚያ ቀን ተስፋ ቆርጦ አያውቅም። ከኪሱ የማይለየውን ወረንጦ አውጥቶ ተንበረከከና ስብርባሪውን ይጎትት ጀመር። ልጁም ተንፏቆ ከጎኑ መጣ፤ ልክ እንደ ድሮው፣ ሥራውን ሊያይ። እጆቹ ጭኑ ላይ ተቀምጠውም ይንቀጠቀጣሉ።

“አባዬ፣ ይሄ ከባድ ነው” አለ። “እንዲህ ዓይነት አይቼ አላውቅም። አዲስ ነው?”

እናት ሻርፗን እንደያዘች ጓጉንቸሩን አየችው። አሁን አወቀችው። ባሏን አየችው።

“አዲስ ነው ልጄ” አለ አባት፣ ከቀዳዳው ዓይኑን ሳያነሳ። “ይሄን ማንም አይከፍተውም።”