ሚኤሶ በቀኝ፣ ሂርና በግራ

ልጅ ሳለሁ ሚኤሶ የምትገኘው በጋሽ ዩሱፍ ሰሃን ቀኝ ነበር። ጋሽ ዩሱፍ ዓይናቸው እስኪጠፋ ድረስ ከሚኤሶ ሂርና በሚወስደው መንገድ የጭነት መኪና ሲነዱ የኖሩ ሰው ናቸው፤ ያኔ ግን ማታ ማታ አሰበ ተፈሪ በነበረችው በአክስቴ በዘይነባ ምግብ ቤት ይመገቡ ነበር። ሁልጊዜ የሚቀመጡት አንድ ቦታ ነው፤ ጀርባቸውን ለግድግዳው ሰጥተው፣ ፊታቸውን ወደ ገለምሶ አዙረው። ምግቡን እንደ ካርታ እንድነግራቸው ያስተማሩኝም እሳቸው ናቸው። «ሥጋው ገለምሶ፣ ሹርባው ሂርና፣ ሻዩ ሚኤሶ» እላለሁ፤ ማንንም ሳያስቸግሩ፣ አንዲት ፍሬ ሩዝ ሳይጥሉ ይበላሉ። በዚህ ይኮሩ ነበር፤ እኔማ ከሳቸው ብሼ እኮራለሁ።

ከበሉ በኋላ ተረት ነው። መብራት ቶሎ ቶሎ ስለሚጠፋ ፋኖሱን አብርተን፣ የሻዩ ከሰል ፍም እየደበዘዘ ሲሄድ እኔና የሠፈር ልጆች እግራቸው ሥር እንኮለኮላለን። የሳቸው አራዊት ሁሉ የሚጓዙት በመኪና ነው። በዚያ ሰሞን የያዙልን ተረት ረዳት ሆኖ ስለተቀጠረ ጅብ ነበር፤ የመኪናው ጭነት ደግሞ ፍየል። ቦርደዴ ላይ ጅቡ «ፍየሎቹን አየት ላድርጋቸው» ብሎ ሸራውን ሲገልጥ፣ «ቀሪው ነገ፣ ኢንሻ አላህ» ብለው ተነሡ።

በማግስቱ ቦታቸውን ከሩቅ የመጡ እንግዶች ያዙት። ትከሻዬን አስይዤ ከእንግዶቹ ፊት ለፊት አስቀመጥኳቸውና፣ እንደ ልማዴ ሻዩን በቀኛቸው አኑሬ «ሻዩ ሚኤሶ» አልኩ። እሳቸው ግን እጃቸውን ወደ ግራ ሰደዱ። ሹርባው ተገልብጦ ነጭ ሸሚዛቸው ላይ ፈሰሰ።

አክስቴ ፎጣ ይዛ ሮጠች። «አይዞዎት ጋሽ ዩሱፍ፣ ከዛሬ ጀምሮ እኔው አጎርስዎታለሁ» አለች፤ በደግነት ነው ያለችው። ጋሽ ዩሱፍ ዱላቸውን በዳበሳ ፈልገው ተነሡ። «ጠገብኩ» ብለው ወጡ። ገና አንድ ጊዜ እንኳ አልጎረሱም ነበር።

ሦስት ቀን ቀሩ። ሌሎቹ ልጆች የሚጨነቁት ለጅቡ ነው፤ እኔን ያንገበገበኝ ግን «ሰውየው አረጁ» የሚለው የደንበኞች ወሬ ነበር። በሦስተኛው ማታ ያን ዕለት እሳቸውን ያስቀመጥኩበት ወንበር ላይ ተቀምጬ ዓይኔን ጨፈንኩ። አንድ የጭነት መኪና ፍሬን እየያዘ ቁልቁል ወደ ሚኤሶ ወረደ፤ ድምፁ የራቀው በግራዬ ነው። ክው አልኩ። ለካ ለኔ ሚኤሶ የሳቸው ቀኝ እጅ ነበረች፤ ለሳቸው ግን ሚኤሶ ሚኤሶ ናት። እኔ ያዞርኩት ወንበሩን እንጂ አገሩን አልነበረም።

በማለዳ ቤታቸው ሄጄ በሩ ላይ ቆምኩ። «ጋሽ ዩሱፍ፣ ጥፋቱ የኔ ነው። አዙሬ አስቀምጬዎት፣ ሻዩን ሂርና በኩል ነበር ያደረግኩት።»

 ትከሻቸው እስኪንቀጠቀጥ ሳቁ።

«ኢንተላ ኮ» አሉኝ፤ ልጄ ማለታቸው ነው። «ወላሂ፣ መንገዱ ከራሴ ውስጥ ጠፋ ብዬ ሦስት ቀን እንቅልፍ አልወሰደኝም። ዓይኔ የጠፋ ጊዜ እንኳ እንዲህ አልደነገጥኩም።»

ማታ መጡ። ለአክስቴም «ዘይነባ፣ አታጉርሺኝ፤ አገሩን ብቻ ንገሩኝ» አሏት። በልተው፣ እጃቸውን ታጥበው፣ «ቦርደዴ ላይ ነበርን አይደል?» አሉን።

ጅቡ በመጨረሻ ምን እንደሆነ ዛሬ ተምታቶብኛል። ምግብ ቤቷ አሁን የኔ ናት። ዓይነ ስውር ደንበኛ ሲመጣ ወንበር አስይዤ፣ አብሮት የመጣውን ሰው ሳይሆን ራሱን፣ «ሚኤሶ በየት በኩል ናት?» ብዬ እጠይቀዋለሁ። የዚህ መንገድ ሰው ከሆነ በእጁ ያሳየኛል። እስካሁን የተሳሳተ የለም።