ስምንት ወይስ ዘጠኝ

ጓደኛዬ ቡሬ ላይ ወንድ ልጅ ወለደና “ክርስትና አንሣልኝ” ብሎ በሰው ላከብኝ። በሰው የላከው ስለማንነጋገር ነው። የማንነጋገረው ደግሞ በአንድ ጎል ምክንያት ነው። በዚህ የሚስቅ ሰው ጎሉን አላየውም፤ እርግጥ እኛም በደንብ አላየነውም።

ፍኖተ ሰላም ተማሪዎች ሳለን ፕሌይስቴሽን ቤት ውስጥ የሁለት ለሁለት ውድድር ነበር። በአንድ ቡድን ገባን። እሱ ስምንት ቁጥርን፣ እኔ ዘጠኝ ቁጥርን ብቻ እንድንነዳ ጌሙን አስተካከልነው። በመጨረሻው ደቂቃ፣ ግርግር መሃል፣ ኳሷ ገባችና ዋንጫውን ወሰድን። ቴሌቪዥኑ ጀርባው ትልቅ፣ ዕድሜው የገፋ ነበር። የታችኛው ጠርዙ ስለጠቆረ ያስቆጠረው ተጫዋች ስም አይነበብም። የማሊያው ቁጥርም የፈሰሰ ወተት ይመስላል። እሱ “ስምንት ነው” አለ፤ እኔ “ዘጠኝ ነው” አልኩ። ጎሉን ሜሞሪ ካርድ ላይ አስቀመጥነውና ለዓመታት ተኮራረፍን።

የጓደኛዬ አባት ቄስ ናቸው። “ቂም ይዞ የልጅ ልጄን ክርስትና የሚያነሳ የለም፤ መጀመሪያ ነገራችሁን ጨርሱ” ብለው አስጠነቀቁ። ወንድ ልጅ የሚጠመቀው ደግሞ በአርባ ቀኑ ነው። ያንን ሕፃን ማቀፍ እፈልግ ነበር። አባቱም ናፍቆኝ ነበር። ግን ጎሉ የኔ ነው።

ሜሞሪ ካርዱን እናቴ ቤት፣ ከአሮጌ ቁልፎች ጋር ጣሳ ውስጥ አገኘሁት። የመጫወቻ ማሽኑን ከፕሌይስቴሽን ቤቱ ባለቤት ተዋስኩና አብሮት በመጣው ቢጫ ገመድ ከዘመኑ ስስ ቴሌቪዥን ጋር አገናኘሁት። ጎሉን ያለ ጓደኛዬ ማየት ማጭበርበር ስለመሰለኝ በሌላ ጨዋታ ነበር የምሞክረው። ምስሉ ከድሮውም የባሰ ጭጋግ ሆነ። ከቴሌቪዥኑ ማስተካከያዎች ጥራት የሚለውን መቶ ላይ ሳደርገው ጭጋጉ ጥቁር ጠርዝ አወጣ። ዜሮ ሳደርገው ትንሽ ተሻለ፤ ለምን እንደሆነ አልጠየቅኩም።

መራዊ ያለ አንድ ቴሌቪዥን ጠጋኝ ጥፋቱ የገመዱ መሆኑን ነገረኝ። ቢጫው ቀለሙን ሁሉ በአንድ ቀጭን መንገድ ይነዳዋል፤ አምስት ራስ ያለው ገመድ ግን አረንጓዴውን፣ ሰማያዊውንና ቀዩን ለየብቻ ያሳልፋል። ገዛሁትና ጎሉን አብረን እንድናየው ለጓደኛዬ በሰው ልኬ፣ ሕፃኑ በተወለደ በሠላሳ ስምንተኛው ቀን ማሽኑንና ገመዶቹን ይዤ ቡሬ ገባሁ።

ጓደኛዬ በሩን ከፈተልኝና ሰላም ሳይለኝ ቴሌቪዥኑን በእጁ አሳየኝ። ቄሱ ወንበራቸውን አስጠጉ። መጀመሪያ ሜዳውም ሰዉም አረንጓዴ ሆነ። በማሽኑ ማስተካከያ ላይ የገመዱን ዓይነት ቀየርኩ፣ ተስተካከለ። ቀጥሎ ተጫዋቾቹ ወደ ጎን ተለጥጠው ታዩ።

“እነዚህ ልጆች ሲሮጡ እየዋሉ እንዴት ወፈሩ?” አሉ ቄሱ።

“ቴሌቪዥኑ ነው አባ፣ ይቆዩኝ” ብዬ የምስሉን ስፋት ወደ ድሮው ልክ መለስኩት። ተጫዋቾቹ ከሱ። ጎሉን ከፈትኩት።

እንደዚያ የጠራ ነገር አይቼ አላውቅም። ስምንት ቁጥር እግሩን ሰነዘረና ኳሷን ሳታት። ዘጠኝ ቁጥር ሁለት እርምጃ ርቆ መሬት ላይ ተጋድሟል። ኳሷ የተጋጣሚያችንን ተከላካይ፣ አራት ቁጥርን፣ ቅልጥሙን መታችውና ገባች። ሦስት ጊዜ ደጋገምነው። ሦስቴም እዚያው ቅልጥም ላይ አረፈች።

“ይሄኛውስ የማን ነው?” አሉ ቄሱ።

“የነሱ” አልን እኩል።

“እንግዲያ በሰው ልጅ ቅልጥም ነው ስትኳረፉ የኖራችሁት” አሉና ተነስተው ወደ ጓዳ ገቡ።

አፈርኩ። ጓደኛዬም ያፈረ መሰለኝ፤ ጆሮውን ያክ ጀመር። ቄሱ ሕፃኑን ይዘው ተመለሱና ጭኔ ላይ አስቀመጡት። ካሰብኩት በላይ ይሞቃል።

“ያ ቢጫው ገመድ አለ?” አለኝ ጓደኛዬ።

“አለ።”

“መልሰው እስቲ።”

ሕፃኑን በአንድ እጄ ይዤ ነቀልኩና ሰካሁ። ጭጋጉ ተመለሰ፤ ቁጥሩ ሁሉ እንደገና ወተት ሆነ። ጓደኛዬ ጎሉን ከፈተና ወደ ቴሌቪዥኑ ተጠግቶ ብዙ አየው።

“አንተዬ” አለኝ፣ “አሁን ሳየው ዘጠኝ ይመስላል።”

“ኧረ የለም” አልኩት፣ “ስምንት ነው።”