የእማማ አብረኸት ኮርኒስ

ልጅ እያለሁ፣ በሰው አገር፣ ሃርልስደን በሚባል ሰፈር በነበረው ፍላታችን፣ ጠዋት የሚቀሰቅሰኝ አባ ሙሄ ለሶላት የሚታጠቡበት የውዱእ ውሃ ድምፅ ነበር። አባ ሙሄ የእናቴ አባት ናቸው። ደሴ ዕድሜያቸውን ሙሉ ልብስ ሲሰፉ ኖረው፣ በስተርጅና እናቴ ለምና ለምና ነው ያመጣቻቸው። የጥቁር አዝሙድ ቅባት ይሸቱ ነበር። ከትምህርት ቤት ስመለስ አውቶቡስ ፌርማታው ላይ ቆመው ይጠብቁኛል፤ ቤት ስንገባ ደግሞ ከእናቴ አሮጌ ሻርፕ ለአሻንጉሊቴ ቀሚስ ይሰፉልኛል። ከክፍሌ ልጆች የማንም አሻንጉሊት እንደኔዋ አትዘንጥም ነበር።

እንደመጡ ሰሞን አንድ ስህተት ሠሩ። አገር ቤት የመታጠቢያ ቤት ወለል ውሃ መውረጃ አለው፤ እዚህ የለውም። አባ ሙሄ ይህን ከየት ይወቁት? ወለሉ መሃል ቆመው በማንቆርቆሪያ እግራቸውን ታጠቡና ውሃው እስከ ኮሪደሩ ምንጣፍ ደረሰ። እናቴ አሳየቻቸው። ከዚያ ወዲያ ገንዳው ውስጥ እንጂ ወለሉ ላይ ታጥበው አያውቁም፤ ጠብታ እንኳ ብትወጣ በፎጣ ያደርቋታል። ግን ስማቸው አንዴ ጠፍቶ ነበር።

ብርዱ ሲጀምር ከእኛ በታች የሚኖሩት እማማ አብረኸት ወደ ላይ ወጡ። አስመራ በአማርኛ የተማሩ፣ መስቀል ከአንገታቸው የማይለይ፣ ዒድ ሲሆን ደግሞ ማልደው «እንኳን አደረሳችሁ» የሚሉን ጡረተኛ ነበሩ። «ልጄ፣ አትቀየሚኝ እንጂ ኮርኒሴ ትንሽ ያንጠባጥባል» አሏት እናቴን፣ ጥፋቱ የእሳቸው ይመስል እየተሽኮረመሙ።

እናቴ ተሸማቀቀች። ፍላቱን ላከራየን የቤቶች ቢሮ ሪፖርት ማድረግ አልታሰበም፤ መጥተው ስንት ሰው እንደምንኖር ቼክ ያደርጋሉ ብላ ትፈራለች። ፍርሃቷን የተወጣችው በአባቷ ላይ ነው። «አባዬ፣ ሰው ቤት ላይ እያፈሰስን እኮ ነው፤ ያሳፍራል» አለቻቸው። «አደርቀዋለሁ እኮ ልጄ» አሉ። አላመነቻቸውም። መታጠቢያ ቤት ውዱእ ማድረጉን ከልክላ ወጥ ቤት ሳፋ አስቀመጠችላቸው። ሳፋው ላይ ጎንበስ ሲሉ በአንድ እጃቸው ግድግዳውን ይደገፉ ነበር። የመታጠቢያ ቤቱ ግድግዳ ሻጋታ ሻጋታ መሽተት ሲጀምር እሱንም በእሳቸው አሳበበች።

አንድ ቀን ከፌርማታው ስንመለስ «አገሬ ልግባ መሰለኝ» አሉኝ። መጀመሪያ ለእኔ የነገሩኝ ለእሷ መንገር ከብዷቸው ነው። ብዙም ሳይቆዩ ሄዱ።

ውሃው ግን አልቆመም። እማማ አብረኸት ያውቁ ነበር። ሽማግሌው በእኔ የተነሳ ከቤት ወጡ ብለው ስለተፀፀቱ፣ አሁንም ይንጠባጠባል ማለት አቃታቸው፤ ባልዲ ደቅነው ዝም አሉ። እናቴ ደረጃ ላይ ስታገኛቸው «ተሻለልዎት?» ትላለች። «ተመስገን ልጄ፣ ደርቋል» ይሏታል። ኮርኒሱ ተገንጥሎ አልጋቸው ላይ እስኪወድቅ ድረስ እንዲህ እየተከባበርን ከረምን።

የቧንቧ ሠራተኛ መጥቶ ከገንዳው ጀርባ ያለውን ግድግዳ ከፈተው። የቧንቧው መገጣጠሚያ አረንጓዴ ዝጎ፣ ማንም ውሃ ሳይከፍት በራሱ ያፈሳል። እኔ የትምህርት ቤት ልብሴን ቀይሬ ሳልጨርስ እሱ ቆርጦ፣ አዲስ ገጥሞ ሄደ። እናቴ የተከፈተው ግድግዳ ፊት ተቀምጣ አለቀሰች። ያኔ አላዘንኩላትም።

ደሴ ደውላ እንዲመለሱ ለመነቻቸው። «እሰይ፣ ሴትዮዋ ተገላገሉ» አሉ አባ ሙሄ። «እኔ እንደሁ እዚህ ግቢው ውስጥ እንደልቤ እታጠባለሁ።» ድምፃቸው ውስጥ ቁጣ አልነበረም፤ እስከ ዛሬ የሚያመኝ እሱ ነው። እዚያው አረፉ፤ አልቀበርናቸውም።

ዛሬ ከእናቴ ጋር አርችዌይ የሚባል ሌላ ሰፈር ነው የምንኖረው። በቅርቡ የታችኛው ጎረቤት ውሃ እንደገባበት ነገረኝ። ሪፖርት አደረግኩና አንዲት ወጣት ባለሙያ መጣች። የቤቱን ቧንቧዎች ሁሉ አዘግታ የውሃ ቆጣሪውን አየችው፤ ሁሉም ተዘግቶ ይዞራል። ችግሩ ግድግዳው ውስጥ ነው አለች። ማን እንደሚታጠብ፣ እንዴት እንደሚታጠብ አልጠየቀችም። እኛስ ያኔ ቧንቧውን ሁሉ ዘግተን ታች ወርደን ኮርኒሱን ብናይ ምን ነበረበት? አያቴን ያጣሁት ይህችን ለምታህል ነገር ነው ብዬ ተናደድኩ።

ዞር ስል እናቴ በሩ ላይ ቆማለች። አርጅታለች፤ ፊቷ ከውዱእ ገና አልደረቀም።

«እኔ ነኝ እንዴ ያፈሰስኩት?» አለችኝ።

«አይደለሽም፣ እማ» አልኳት። ለአባ ሙሄ ይህን ያላቸው ሰው አልነበረም።