ብርድ ያላገኘው ሚሽሚሽ

እህቴ ሳዑዲ ከሄደች በሁለተኛው ዓመት፣ ለረመዳን ከላከችልን ቴምር ጋር አንድ ፌስታል የደረቀ ፍሬ መጣ። ብርቱካናማ፣ የተጨማደደ፣ መሐሉ ጠንካራ ዘር ያለው። በስልክ «ሚሽሚሽ ይባላል» አለችን። እናቴ አንዱን ነክሳ «ኮክ ነው፤ ፀሐይ የመታው ኮክ» ብላ ፈረደች። እኔ ነገር ካልመረመርኩ እንቅልፍ የማይወስደኝ ልጅ ነበርኩ። አንዱን ዘር በድንጋይ ፈልጬ ውስጡን ቀመስኩት፤ ሬት ነው። ከየሰሃኑ የለቀምኳቸውን ሌሎቹን ስምንት ዘሮች ግን ይዤ ትምህርት ቤት ሄድኩ።

የባዮሎጂ አስተማሪያችን አገላብጦ አየና «አፕሪኮት ነው። የብርድ አገር ዛፍ ስለሆነ ዘሩ ብርድ ካላገኘ አይነቃም» አለኝ። ቆላው ከሚሴ ላይ ብርድ ከየት ይመጣል? የማውቀው አንድ ቦታ ብቻ ነበር፤ የጎረቤታችን ሱቅ ፍሪጅ። ዘሮቹ በእርጥብ ጨርቅ ተጠቅልለው ከለስላሳ ጠርሙሶች ኋላ ሁለት ወር ከረሙ። ባለሱቁ ደንበኛ በመጣ ቁጥር «የሚጠጣም አለ፣ የሚበቅልም አለ» እያለ ያሾፍብኝ ነበር።

ከስምንቱ አንዱ በቀለ። የተከልነው አባቴ ለሰላት ሲታጠብ ዉዱእ ከሚያደርግበት ድንጋይ አጠገብ ነው፤ በቀን አምስት ጊዜ ውሃ የሚጠጣ ዛፍ በሰፈራችን ሌላ አልነበረም። ከፍየል ለማዳን በእሾህ አጠርኩት። በሦስት ዓመት በቁመት በለጠኝ፤ ቅጠሉ ለምለም፣ ቅርንጫፉ ቀላ ያለ፣ አበባ ግን ወይ ፍንክች! ፍግ ጨመርኩ፣ ውሃ ቀነስኩ፣ ቅርንጫፍ መለመልኩ። አንድ ሽማግሌ «ዛፍም ይሰንፋል» ስላሉኝ ግንዱን በዱላ እስከ መምታት ደረስኩ። አስተማሪዬ ወደ ሌላ ከተማ ተዛውሮ ስለነበር የምጠይቀው ሰው አጣሁ።

እህቴ በየጁምዓው ትደውላለች። ሰላምታው ሳያልቅ «ሚሽሚሹስ? አበበ?» ትላለች። ዛፉ አራት ዓመት በሞላው ሰሞን፣ አንድ ጁምዓ ድምፅዋ ታፍኖ መጣ። «ጉንፋን ነው» አለች። እናቴ አላመነችም። ልጇን በምን ደስ እንደምታሰኛት ጠፍቷት ዓይኗን ዛፉ ላይ ጣለችና «አብሽሪ ልጄ፣ ሚሽሚሽሽ አፈራ! ማሻአላህ ነው!» አለች።

እኔ ዘወር ብዬ ባዶውን ዛፍ አየሁ።

ስንቅና ውሸት እያደር ይቀላል ይባላል። የኛ ግን እያደር ከበደ። እህቴ ስንት እንዳፈራ ጠየቀች፤ ጣዕሙን ጠየቀች። እናቴ በጥቅሻ እያዘዘች ስልኩን አቀበለችኝ፤ እኔም ማንጎና ኮክ አደባልቄ አንድ ጣዕም ፈጠርኩ። በዓመቱ በወሬያችን ቅርንጫፉ እስኪጎብጥ አፈራ፤ በሦስተኛው ዓመት ለመስጊድ ልጆች ሁሉ አደልን። ያሳፍረኝ ነበር፤ እውነቱን ለመናገር ግን ደስም ይለኝ ነበር።

ከዚያ እህቴ «ልመጣ ነው» አለች። እናቴ ግድግዳ እያስለሰነችም፣ ምንጣፍ እያጠበችም የምታስበው ስለ ዛፉ ነበር። «ማሎ! ሦስት ዓመት ሙሉ ዋሽቻት፣ ከእንግዲህ የትኛውን ቃሌን ታምነኛለች?» አለችኝ። በመጨረሻ «የዘንድሮውን ወፍ ጨረሰው» ልንል ተስማማን።

እህቴ ከሚኒባስ ወርዳ፣ እናቴን አቅፋ አልቅሳ፣ ሻንጣዋ እንኳ ሳይፈታ ለዙህር ሰላት ዉዱእ ልታደርግ ወደ ድንጋዩ ሄደች። በማንቆርቆሪያ ውሃ ይዤ ተከተልኳት። ግንዱን ዳበስ አድርጋ ሽቅብ አየችና ሳቀች።

«ብርዱን ከየት አመጣችሁለት?»

«የምን ብርድ?»

«እኔ የነበርኩበት ጣኢፍ ደጋ ነው፤ በብርዱ ወራት ጥርስ ያንቀጫቅጫል። የሠራሁበት ግቢ አትክልተኛ ነግሮኛል። ይሄ ዛፍ እንዲያ ያለ ብርድ ካልመታው ቅጠል እንጂ ፍሬ አይሰጥም።»

ዘሩ ብርድ እንደሚፈልግ ተነግሮኝ፣ ዛፉም እንደሚፈልግ አንድ ቀን እንኳ አለመጠርጠሬ አናደደኝ። ያ ሁሉ ፍግ! ያ ሁሉ ዱላ!

«ካወቅሽ ታዲያ በየጁምዓው ለምን ትጠይቂን ነበር?»

ለመታጠብ እጅጌዋን ሰበሰበች። ከእጅ አንጓዋ እስከ ክርኗ የቆየ የቃጠሎ ጠባሳ ነበር። በስልክ ሁልጊዜ «ሥራው ቀላል ነው» ነበር የምትለን።

«ስለ ዛፉ ካላወራን እማ ስለ እኔ ትጠይቀኛለች» አለች።

እናቴ ለካ ከኋላችን ቆማ ኖሯል። ስለ ወፎቹ አንድ ቃል አልተነፈሰችም። ማንቆርቆሪያውን ከእጄ ተቀበለች፤ ውሃውን ጠባሳው ላይ ቀስ አድርጋ አፈሰሰችና «አንድም ቀን አላፈራም፣ ልጄ» አለች። «በይ፣ አሁን ደግሞ ያንቺን ንገሪኝ።»